ከቀብሯ በኋላ የወረዱ ክኒኖች

ሳጥኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ይነቃል። ቁመቱ አንድ ክንድ፣ ቀለሙ ነጭ፣ ድምፁ የጎረምሳ ነው። በ2081 ዓ.ም. በቡና ለቃሚዎች ሰፈር ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ሴት በምትኖርበት ቤት ሁሉ ግድግዳ ላይ አንድ አንድ ተሰቅሏል። ሰፈርተኛው «ዶክተሬ» ይለዋል፤ ግማሹ የምሩን፣ ግማሹ ሲያላግጥ።

ኤልዳና ሳጥኑ ፊት ከመቆሟ በፊት ሻሿን ታስራለች። በሌጣ ፀጉር ወንድ ፊት አይቆምም። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። በእሷ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሁሉ ኤልዳና፣ ሶልያና፣ ናርዶስ ይባላሉ፤ የዛሬ ልጆች «የአሮጊት ስም» እያሉ ይስቁባቸዋል። ቀኝ መዳፏን ከሳጥኑ ሥር ካለችው ሳህን ላይ ታስቀምጣለች። ሳጥኑ የጣቶቿን አንጓዎች ለክቶ ሲጨርስ ይጠይቃታል።

«እንዴት አደሩ እማማ ኤልዳና?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?»

ሳጥኑ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። «ምግብ በልተዋል?»

«በልቻለሁ የኔ ልጅ።»

«ሆድዎን ያምዎታል? የሰገራዎ ቀለም ተለውጧል?»

«ኧረ በስመ አብ! ደህና ነኝ አልኩህ እኮ!»

«ደህና መሆንዎን መዝግበናል። መልካም ሥራ።»

ክኒኗ ኩባያው ውስጥ ቂው ብላ ትወድቃለች። አረንጓዴ ይበራል። ያ አረንጓዴ ቡና የምትለቅምበትን የአራት ቁጥር መጋዘን በር ይከፍታል። አረንጓዴ ያልበራላት ሴት በሩ ላይ መዳፏን ብታሳርፍ በሩ እንደ ድንጋይ ዝም ይላታል።

አርባ ሴቶች በሳምንት የሚለቅሙትን ቡና ማሽን በአንድ ሰዓት ይለቅመዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ባሕር ማዶ ያሉ ገዢዎች ከረጢቱ ላይ «በሰው እጅ የተለቀመ» የሚል ጽሑፍ ማየት ይወዳሉ። ስለዚህ ሴቶቹ ቡናውን ተሸክሞ ከሚንከባለለው ቀበቶ ዳርና ዳር ተደርድረው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት፣ የተነቀዘውንና የተሰበረውን ፍሬ ቀኑን ሙሉ ያወጣሉ። ከዓመታት በኋላ አንጓው ያብጣል። ያበጠ ጣት ይዘገያል፤ የዘገየ ጣት የተነቀዘ ፍሬ ያሳልፋል። ክኒኗ የምትሰጠው ለዚህ ነው። እብጠቱን ታበርዳለች፣ ሕመሙን ታስታግሳለች፣ ጣቱም ወደ ቀበቶው ይመለሳል።

ኤልዳና «በልቻለሁ» የምትለው በጾም ወራት ውሸቷን ነበር። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። አልበላሁም ብትል ሳጥኑ ክኒኗን አያወርድም። ክኒኗ ካልወረደች አረንጓዴ የለም፤ አረንጓዴ ከሌለ በሩ የለም። ስለዚህ ትዋሽና ወደ ግድግዳው ዞራ ታማትባለች። የንስሐ አባቷ «ለታመመ ሰው ጾም የለበትም» ብለዋት ነበር። «ቁርጥማት በሽታ ነው እንዴ አባ? እርጅና እኮ ነው» ብላ መለሰችላቸው።

ይህን ሁሉ አንድ ልጇ ስንዱ ያወቀችው በኋላ ነው። ስንዱ የባቡር ፉርጎ ታጸዳለች፤ ከቤት የምትወጣው ሳጥኑ ሳይነቃ፣ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እረፍቷ ስምንት ደቂቃ ናት። በዚያች ስምንት ደቂቃ ውስጥ በየቀኑ ለእናቷ ትደውላለች።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን። በልተሻል አንቺ?»

«በልቻለሁ። በይ ቻው።»

በሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ኤልዳና ከመጋዘን ስትመለስ የግቢው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ስንዱ ተረኛ ስላልነበረች ቤት ነበረች። እናቷ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ላብ አጥምቋታል። ልትደግፋት ስትሮጥ ኤልዳና አጎንብሳ አስመለሳት። የወጣው ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ ነገር ነው። ኤልዳና ራሷ አየችው። ዕድሜዋን በሙሉ ቡና የለቀመች ሴት ናትና ምን እንደሚመስል ለማወቅ አልቸገራትም።

«ስንዱዬ፣» አለች ግራ ገብቷት፣ «አተላ እኮ ነው። እኔ ዛሬ ቡና መች ጠጣሁ?»

ሆስፒታል በደረሱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሞተች።

ዶክተር ሩሐማ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። አጭር፣ ዓይኖቿ በድካም የቀሉ ሴት ናት። ማጽናናት አታውቅበትም፤ እውነቱን ግን አልደበቀችም።

«ጨጓራዋ ቆስሎ ሲደማ ከርሟል። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ አልነበረም?»

ስንዱ አላወቀችም።

«ለቁርጥማት የምትወስደው ነገር ነበር?»

«ሳጥኑ የሚሰጣት። በየቀኑ። ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው።»

«ያ ክኒን እብጠት ሲያበርድ የጨጓራን መከላከያም ያሳሳል። ደግሞ ሕመም ስለሚያስታግስ ሰውየው እየደማ ላይሰማው ይችላል። ለጨጓራዋ መጠበቂያ አብሮ ይሰጣት ነበር?»

«አንዲት ክኒን ናት የምትወርደው።»

«የልብ አስፒሪንስ?»

«እሷን ከጤና ጣቢያ ታመጣለች። ማታ ማታ ትወስዳለች።»

ዶክተሯ ጓንቱን ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። «ሁለቱን አንድ ላይ!» አለች፤ ንዴቷ በስንዱ ላይ እንዳልነበረ ስንዱ ገብቷታል። ስለ ጾሙ ስትነግራት ደግሞ ራሷን ነቀነቀች። «ባዶ ሆድ መውሰዱ አይረዳም። ግን የገደላት ጾሙ እንዳይመስልሽ። የገደላት በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ቀና ብሎ አይቷት ‹ይብቃሽ› አለማለቱ ነው።»

ከቀብሩ ማግስት፣ ለቀስተኞቹ ፍራሽ ላይ እንደተጋደሙ፣ ሳጥኑ ነቃ።

«እንዴት አደሩ እማማ ኤልዳና?»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ስምንት ሰዎች ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንዲት ሴት «ወይኔ እናቴ» ብላ አፏን በነጠላዋ አፈነች። አርባ ሰኮንድ አለፈ።

«ምላሽ ስላልሰጡ የተለመደ መልስዎን ወስደናል። ደህና መሆንዎን መዝግበናል። መልካም ሥራ።»

ክኒኗ ቂው ብላ ወረደች። አረንጓዴ በራ።

ይህ «የተለመደ መልስ» የሚባል ነገር የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለቃሚዎቹ ጠዋት ይቸኩላሉ፤ መዳፋቸውን ሳያስቀምጡም ክኒኗ እንድትወርድ፣ ሰዓት ይቆጠብላቸው ተብሎ ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹ እልል ብለው ነበር።

ስንዱ ሳጥኑን ልትነቅለው ሞከረች። ከግድግዳው ጋር ተበይዷል፤ መንቀል ያስጠይቃል። በሰባተኛው ቀን ሳጥኑን ከሰቀለው ድርጅት ደብዳቤ መጣላት። ሳጥኑ የሚነሳው የሞት ማረጋገጫው ላይ ስትፈርም ነው። ማረጋገጫው ላይ «የሞት መንስኤ» ከሚለው ፊት ለፊት እንዲህ ይላል፦ ተጠቃሚዋ የሰጡት የተሳሳተ የጤና መረጃ።

አልፈረመችም። ስለዚህ ሳጥኑ በየማለዳው ሟቿን እንዴት አደሩ ይላል፤ መልሷን ራሱ ይመልስላታል፤ ክኒኗን ያወርዳል። ስንዱ ክኒኖቹን አንድ በአንድ እየለቀመች በእናቷ መሐረብ ትቋጥራለች።

በእነዚያ ቀናት ከአጠገቧ ያልጠፋችው እትዬ ሶልያና ናት። ሶልያና ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኤልዳና ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥማ አንድ ቀበቶ ላይ የለቀመች፣ ስድሳ አራት ዓመት የሞላት መበለት ናት። ሲበዛ ተጫዋች፣ ነገር አዋቂ ነበረች። አሁን ግን ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ሦስት ደረጃ ወጥታ ግድግዳ ትይዛለች። ስንዱ «ደህና ነሽ እትዬ?» ስትላት «ደህና፣ ይመስገን። አንቺ ብቻ አይዞሽ» ትላታለች። ስንዱም «እሺ» ብላ ትተዋታለች።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ስንዱ በድርጅቱ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ቀጠሮ ደረሳት። ሶልያና ምስክር ልትሆናት አብራት ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። ሶልያና አምስት ጊዜ እየቆመች ወጣች።

ተቀባያቸው አቶ እንግዳወርቅ የሚባል፣ ጺሙን ያሳመረ፣ ትሑት ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ መዝገብ የሚያሳየውን መስታወት ዳሰሰ።

«መዝገቡን አይቼዋለሁ እህቴ። ሳጥኑ መጠየቅ ያለበትን ሁሉ ጠይቋል። ሆድዎን ያምዎታል ወይ ብሏል። የሰገራዎ ቀለም ተለውጧል ወይ ብሏል። እናትዎ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ስምንት ጊዜ ደህና ነኝ ብለዋል። እኛ እንግዲህ ታካሚውን ማመን አለብን አይደል?»

«በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሐኪም በዓይኑ አይቷታል?»

«ደህና ስላሉ አላስፈለገም።»

«ደሟን፣ ኩላሊቷን የመረመረ አለ?»

«ደህና ካሉ…» አለና ትከሻውን ሰበቀ። «ከፈለጉ ድምፃቸውን ላሰማዎ። ራሳቸው ናቸው።»

እሺ ሳትለው ነካው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርክ?» አለ የኤልዳና ድምፅ ክፍሉ ውስጥ።

ሶልያና ፊቷን ሸፈነች። ስንዱ አላለቀሰችም። እናቷ ግድግዳን አክብራ ሻሽ አስራለት ኖራለች። ግድግዳውን እንዴት አደርክ ብላ ኖራለች። ግድግዳውም ይህን መዝግቦ ማስረጃ አድርጎባታል።

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ስምንት አሉኝ?»

«አዎ።»

«እስከ መቼ ያለው ነው?»

ሰውየው መስታወቱን አየ። «እስከ ዛሬ ጠዋት።»

«ዛሬ ጠዋት ምን አለች?»

«ደህ…» አለና ቆመ።

ስንዱ መሐረቡን ፈታችው። ክኒኖቹ ጠረጴዛው ላይ ተበተኑ። አንዷ ተንከባልላ ከሰውየው እጅ ሥር ገባች።

«ሃያ ስድስት ናቸው። ቁጠራቸው። ከቀበርኳት ወዲህ የሰጣችኋት ናቸው። ደህና ነኝ እያለቻችሁ!»

አቶ እንግዳወርቅ ጺሙን ዳበሰ። ድምፁ ግን አልተለወጠም። «ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ነው። ቁጥሩ ይታረማል። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ሁለት ይሆናል። በውሳኔው ላይ ግን ለውጥ አያመጣም።» ከዚያ ነገሩን ለማብረድ ይመስል ወደ ሶልያና ዞረ። «እማማ፣ እርስዎም ይህንኑ መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አዎ የኔ ጌታ።»

«ታዲያ እንዴት ነዎት?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሰውየው ሁለት እጁን ዘረጋ፤ አያችሁ? እንደማለት።

ስንዱ በሰውየው ተናደደች። በሶልያና ተናደደች። ከሁሉ በላይ በራሷ ተናደደች። ስምንት ደቂቃ እረፍት፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ቻው። አንዴ ብቻ ጠይቃ ስልኩን የምትዘጋው እሷ ከሳጥኑ በምን ትሻላለች?

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው። «የየት አገር ሰው ነህ አንተ? እናትህን አንዴ እንዴት ነሽ ብለሃት ሕመሟን ነግራህ ታውቃለች? መጀመሪያ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች። ሁለተኛ ስትጠይቃት ስለ ልጆቿ ታወራለች። የራሷ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው!»

«ስርዓቱ አንድ ጊዜ ነው የሚጠይቀው» አለ አቶ እንግዳወርቅ።

ስንዱ ወንበሯን ወደ ሶልያና አዞረች። እጆቿን ያዘቻቸው። አንጓዎቹ እንደ ዝንጅብል ቋጠሮ ናቸው፤ ቀዝቅዘዋል።

«እትዬ ሶሊ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና አልኩ እኮ ልጄ። ሰውየው ይስማ።»

«ልጅሽ ናትናኤልስ? ደወለ?»

«ደወለ፣ ደህና ነው። ሚስቱ ልትወልድ ነው።» ሶልያና ፈገግ አለች። «አያት ልታደርገኝ ነው ያቺ ቀዥቃዣ።»

«እልል። አንቺስ? እንዴት ነሽ?»

«ምን እባክሽ፣ ያው ነው። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኛል። እርጅና ነዋ።»

«አንቺስ እንዴት ነሽ፣ ሶሊዬ?»

ሶልያና ሰውየውን በጎን አየችው። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ከለለች። «ወንድ ፊት…» አለች በቀስታ።

«በጆሮዬ ንገሪኝ።»

ሶልያና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። የተናገረችው ብዙ አይደለም። እንደ ሬንጅ መጥቆሩን፣ ሽታው መለወጡን። ሁለት ሳምንት እንደሆነው። ሳጥኑ የሚሰጣት አልበቃ ብሎ ከጥግ ሱቅ ዲክሎ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እየገዛች ማታ ማታ እንደምትጨምርበት። ስትጨርስ እንደ ሕፃን ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት።

ስንዱ ቀና አለች። «ሰማህ?»

«በሹክሹክታ ነው የተነጋገራችሁት፤ አልሰማሁም።»

«ልክ ነህ። አንተ አልሰማህም።»

«ቅሬታ ካላቸው ነገ ጠዋት ለሳጥናቸው ያስመዝግቡ» አለ አቶ እንግዳወርቅ፤ የደግ ሰው ምክር በሚመስል ድምፅ። «ግን እንዲያውቁት ያህል፣ ቀይ ከበራ በሩ አይከፈትም።»

ሶልያና የስንዱን እጅ ጨበጠች። «አየሽ? ለዚህ እኮ ነው አፌን የምይዘው። ቀይ በራ ማለት በማግስቱ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠበት ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ልጄ! ምን በልቼ ልደር?»

«የእማዬም ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፣ እትዬ» አለች ስንዱ። «እሷ እኮ አረንጓዴ እየበራላት ነው የሞተችው።»

ሶልያና ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ክኒኖች አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ባበጡት ጣቶቿ፣ እንደ ልማዷ በፍጥነት፣ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ሃያ ስድስተኛዋን ከሰውየው እጅ ሥር አወጣች። መሐረቡን ቋጠረችና ለስንዱ ሰጠቻት።

«ነይ እንሂድ» አለች። «ነገ ጠዋት ድረስማ አልቆይም።»

ዶክተር ሩሐማ የሶልያናን የዓይን ቆብ ገልብጣ እንዳየች አልጋ አስያዘቻት። ሦስት ከረጢት ደም ሰጧት። በማግስቱ በካሜራ ጨጓራዋን አዩት። ቁስሉ የሳንቲም ያህል ነው፤ አሁንም ይደማ ነበር። ሰፍተው ዘጉት።

ሶልያና ነፍስ ስትዘራ ዶክተሯ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የሳጥኑም ክኒን፣ የሱቁም ዲክሎ አንድ ዘር ናቸው። ሁለቱን መደረብ እሳት ላይ እሳት መጨመር ነው። አሁን ሁለቱም ቀርተዋል። ለጨጓራሽ ይህን ትወስጃለሽ። ለጣትሽ መቀቢያ እሰጥሻለሁ። ደግሞ ጣትሽን ታሳርፊያለሽ።»

«ማሳረፍ የሚሉት መድኃኒት የት ነው የሚሸጠው?» አለች ሶልያና።

ዶክተሯ ልትስቅ ነበር፤ አልሳቀችም። «መድኃኒቱ ክፉ አይደለም እኮ እማማ። እኔም ጉልበቴን ሲያመኝ እወስደዋለሁ። ትንሹን መጠን፣ ለጥቂት ቀን፣ በልቼ። የሚቀጥል ከሆነ ግን የሚያይሽ ሰው ያስፈልጋል። ደምሽን፣ ኩላሊትሽን፣ ግፊትሽን። ሌላ ምን እንደምትወስጂ የሚጠይቅሽ። ሰገራሽ ከጠቆረ ወይ አተላ የመሰለ ካስመለሰሽ ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም። ያኑ ሰዓት ትመጫለሽ።»

«ለማን ነው የምናገረው? ጎረምሳ ድምፅ ነው እኮ ያለው!»

«ለእኔ» አለች ዶክተሯ።

በስድስተኛው ቀን ወጣች። ዶክተሯ ክኒኗን ስላስቆመች ሳጥኗ ቀይ በርቶ ጠበቃት። በሰባተኛው ቀን ወንበሯ ላይ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ተቀመጠችበት።

የኤልዳና አርባ ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዋለ። የአራት ቁጥር ለቃሚዎች ለዝግጅቱ ሊያግዙ ገና ሳይነጋ መጥተው ነበር፤ ሰባት ናቸው። ሽንኩርት የሚከትፉት ጣቶች ሁሉ ጠማማ ናቸው። ሶልያና ሥራ ተከልክላ ጥግ ተቀምጣ ሁሉንም ታዛለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆነ።

«እንዴት አደሩ እማማ ኤልዳና?»

ቢላዎቹ ሁሉ ቆሙ። ሴቶቹ ነገሩን ከስንዱ ሰምተው ነበር። በጆሯቸው ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። አርባ ሰኮንዱ የማያልቅ ሆነ።

«የተለመደ መልስዎን ወስደናል። ደህና መሆንዎን መዝግበናል። መልካም ሥራ።»

አርባኛዋ ክኒን ቂው ብላ ወረደች። አረንጓዴው ብርሃን በተከተፈው ሽንኩርት ላይ አረፈ።

«ዶክተሬ» አለች ናርዶስ፤ በቀበቶው ላይ አፏ የማይዘጋው ትልቋ ሴት ናት። «ሟች ደህና ናት፣ ምድር ቤቱ ተስማምቷታል፣ ሰላም ብላሃለች።» ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ናርዶስ ግን መሳቋን ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። «እኔንም እንዲህ ነው የሚያደርገኝ!» አለች። «ሞቼም አረንጓዴ ያበራብኛል!»

ሶልያና በዱላዋ ተደግፋ ተነሳች። ናርዶስ ፊት መጥታ ቆመች።

«ናርዲ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና፣ ይመስ—»

«ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«አንቺስ?»

ናርዶስ በሽንኩርታም እጇ ዓይኗን ጠራረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሶልያና ጆሮ ተናገረች። ሶልያና ራሷን ነቀነቀችና ወደ ቀጣይዋ ሄደች። ሰባቱን ስትጨርስ ሦስቱን ለይታ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። «እናንተ ከምሳ በፊት ከስንዱ ጋር ዶክተሯ ዘንድ ትሄዳላችሁ» አለች። «ቀዩን አብረን እናያለን። አርባ ሴት አንድ ቀን ቀይ ቢበራባት ማንን ሊያስቀምጡ ነው?»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሴቶቹ በመጋዘኑ በር ላይ መዳፋቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይጠያየቃሉ። ሦስት ጊዜ። የሦስተኛው መልስ በጆሮ ነው። ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርሳል፤ ቀበቶው ሃያ ደቂቃ ባዶውን ይንከባለላል። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሴቶች ከሰልፉ ወጥተው ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ሶልያና የሚከፈተላት በር ባይኖራትም በየማለዳው ከበሩ ውጪ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰልፉን ትጠብቃለች።

ስንዱ እስካሁን አልፈረመችም። ሥራ ቦታ ተለማምጣ መግቢያዋን አንድ ሰዓት ተኩል ገፋች። ሳጥኑ እናቷን ሲጠራ ፊቱ ትቆማለች፣ ሻሽ ሳታስር።

«እንዴት አደሩ እማማ ኤልዳና?»

«ሞታለች።»

«ይቅርታ፣ አልሰማንም። እንዴት አደሩ?»

«ገድላችኋታል።»

«ይቅርታ፣ አልሰማንም። እንዴት አደሩ?»

እናቷን ሦስት ጊዜ ጠይቋት አያውቅም ነበር። ደህና ነኝ ላለችው አንዴ በቃው። ደህና አይደለሁም ለሚለው ግን የፈለገውን መልስ እስኪያገኝ ይጠይቃል።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ በአራት ቁጥር መጋዘን በር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስንዱ ወደ ሥራ ስታልፍ ቆማ አነበበችው። የሥራ ሰዓት ስለሚባክን በበሩ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰላምታ መለዋወጥ የተከለከለ መሆኑን እናሳውቃለን፣ ይላል። ማኅተም አለው።

ሶልያና በርጩማዋ ላይ ሆና ጮክ ብላ ለሰልፉ አነበበችው። ሴቶቹ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

ያን ቀን አራት አራት ጊዜ ተጠያየቁ።